መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ መቼ ይነሳል?



የሥልጠናችንን ርዕስ ያየ ሰው ሰርቨር ማስነሳት ይህን ያህል ያነጋግራል ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ላፕቶፓችን በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል። አንድ ቴራባይት ሜሞሪ የተሸከመ ሰርቨር ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል እስኪያሳይ እንኳ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በእነዚያ ደቂቃዎች ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ታካሚ ተሰልፏል፤ ሬጅስትራር ቢሮ ተማሪ ቆሟል። መብራት በማይቆራረጥበት አገር ይህ በዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። እኛ ጋ ግን የዕለት ተዕለት አገልግሎት ጉዳይ ነው፤ እኔም የማየው እንደዚያ ነው።

ይህን የሚያህል ሜሞሪ ለምን ያስፈልገናል? ሩቅ መሄድ አያሻም።  የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት የሚያካሂደው የሕዝብና የጤና ክትትል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘግባል፤ ይህ ሁሉ እየተጠራቀመ የሚሄድ መረጃ ነው። የደጋችንን ገብስ ደግሞ ተመልከቱ። የሰው ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ሲኖረው የገብስ ወደ 5 ቢሊዮን ይደርሳል፤ የዳቦ ስንዴ ከዚያም በሦስት እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ጂኖም ከቁርጥራጭ ንባብ መልሶ መገጣጠም ብዙ መቶ ጊጋባይት ሜሞሪ ሊጠይቅ ይችላል። የሰሜንን ገብስ እኛው ራሳችን እንድናጠናው ከፈለግን ትልልቅ ማሽን ማስተዳደር መቻል አለብን።

አሁን ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ። ሊኑክስ በተለመዱት ሰርቨሮች ላይ ሜሞሪን 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ገጽም 64 ባይት የሆነ መግለጫ ያዘጋጃል። አንድ ቴራባይት ማለት ከ268 ሚሊዮን በላይ ገጽ ነው፤ መግለጫዎቹ ብቻቸውን 16 ጊጋባይት ይይዛሉ። ቀደም ሲል የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ይህን ሁሉ በአንድ ኮር፣ ተራ በተራ ሞልቶ ሳይጨርስ ወደ ቀጣዩ ሥራ አያልፍም ነበር። የቀሩት ኮሮች በዚያን ሰዓት ገና አልተቀሰቀሱም።

የከርነል ገንቢው ሜል ጎርማን የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2015 በሊኑክስ 4.2 የገባው ለውጥ ይህን አሠራር ቀየረው። ከርነሉ መጀመሪያ ለመነሻ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያሰናዳል። ሌሎቹ ኮሮች ከተነሱ በኋላ የቀረውን እያንዳንዱ የሜሞሪ ኖድ፣ ማለትም ለአንድ ፕሮሰሰር ቅርብ የሆነው የሜሞሪ ክፍል፣ በራሱ ትሬድ፣ ጎን ለጎን ይጨርሳል። ለብቻ ይታጨድ የነበረ ማሳ ደቦ ወጣበት እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የዳንኤል ጆርዳን ሥራ ተጨምሮ በአንድ ኖድ ውስጥም ብዙ ኮሮች ሥራውን እንዲካፈሉት ሆነ። የምታስተዳድሩት ማሽን ይህን ይጠቀም እንደሆነ ለማወቅ የከርነሉን መልእክት ዲሜሴጅ በሚለው ትእዛዝ ክፈቱ፤ "ዲፈርድ ፔጅስ ኢኒሻላይዝድ" የሚል መስመር ከኖዱ ቁጥርና ከፈጀው ሚሊሰከንድ ጋር ይታያል። መስመሩ ከሌለ ከርነላችሁ አርጅቶ፣ ወይም አማራጩ ሳይከፈት ተገንብቶ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ከርነሉን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ከእሱ በፊት ያለው ፈርምዌር ነው፤ እያንዳንዱን የሜሞሪ ካርድ ይፈትሻል፣ ፍጥነቱንም ያስተካክላል። ብዙ ሰርቨሮች ካርዱ ካልተለወጠ የቀድሞውን ልኬት አስቀምጠው መልሰው እንዲጠቀሙበት የሚያደርግ አማራጭ አላቸው። እሱን መክፈት ተገቢ ነው። የስህተት ማረሚያውን፣ ኢሲሲን፣ ለፍጥነት ሲሉ ማጥፋት ግን የታካሚ መረጃ በያዘ ማሽን ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከከርነሉ በኋላም የሚባክን ጊዜ አለ። ኬብል ያልተሰካበት የኔትወርክ ወደብ በኮንፊግ ውስጥ ተረስቶ ስለቀረ ብቻ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ 2 ደቂቃ ሙሉ ሊጠብቀው ይችላል። ሲስተምዲ አናላይዝ የሚለው ትእዛዝ የፈርምዌሩን፣ የሎደሩን፣ የከርነሉንና የአገልግሎቶቹን ሰዓት ለያይቶ ያሳያችኋል።

ኬኤግዜክን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ፈርምዌሩን ዘሎ አዲስ ከርነል ያስነሳል፤ ለታቀደ ዝመና እጅግ ጥሩ ነው። መብራት ከሄደ ግን ማሽኑ ከዜሮ ስለሚጀምር አይረዳም። በዚያ ጊዜ የሚያዋጣው ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ ባትሪው ሳያልቅ በሥርዓት እንዲያጠፋው ማድረግ ነው። በድንገት የጠፋ ዳታቤዝ ሲነሳ መጀመሪያ ራሱን ይጠግናል፤ ይህም ሌላ ጊዜ ይበላል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ወደየመሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ ምንም ሳትነኩ የምታስተዳድሩት ሰርቨር ለመነሳት የሚፈጅበትን ጊዜ ለኩ፣ ጻፉት፣ ለሚተካችሁ ባለሙያም አስረክቡት። ከዚያ አንድ ነገር ለውጡና እንደገና ለኩ። የለካችሁትን ለጎረቤት ተቋም አካፍሉ፤ ደባርቅ የተገኘው መፍትሔ ጎንደርም ይሠራል።