ጭንቀትና የአፍ ጤና፤ በመተማ ለይቶ ማቆያ ለነበሩ ወገኖችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር



በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ፣ ከሱዳን በመተማ በኩል ይመለሱ የነበሩ ወገኖች ወደየቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት 14 ቀን በለይቶ ማቆያ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ሥራውን አቋርጦ፣ ቤተሰቡን ሳያይ በቆላው ሙቀት ቀን ይቆጥር ለነበረ ሰው ጊዜው ቀላል አልነበረም። በዚህ መካከል ምላሱ ሲቃጠል ወይም ጉንጩ ውስጥ ቁስል ሲወጣ «በሽታው ያዘኝ» ብሎ ሌሊቱን በሥጋት ያድር ነበር፤ እንቅልፍ ማጣቱም ሕመሙን ያብሰው ነበር።

ሰው ሲጨነቅ ምራቁ ይቀንሳል። «ምላሱ ደረቀ» መባሉ እውነትነት አለው። ምራቅ አፍን ያጥባል፣ ጥርስን ከአሲድ ይጠብቃል፣ ጀርሞችንም ይከላከላል፤ ሲጎድል ምላስ ይሻክራል፣ አፍም ይሸታል። የተጨነቀ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን ያፋጫል፤ ሲነጋ መንጋጋው ያመዋል፣ የምላሱም ዳር የጥርስ ምልክት ይዞ ይገኛል። መሐሉ ነጣ፣ ዳሩ ቀላ ያለ ትንሽ ክብ ቁስልም በጭንቀት ወቅት ሊመላለስ ይችላል። ይህ ቁስል ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል።

በከንፈር ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ችፍታ ግን ሌላ ነው። ሕዝቡ «ምች» ይለዋል፤ ዳማከሴም ይታሽለታል። መነሻው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ጭንቀት፣ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። በመሳሳም ይተላለፋል፤ ኩባያ መጋራትም አይገባም። ወባ በማይጠፋበት በዚህ ቆላ ከሁሉ የሚያሠጋው፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ከንፈሩን አይቶ «ምች ነው» ብሎ መተው ነው። ትኩሳቱ የወባ ወይም የኮቪድ-19 ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

ሽታና ጣዕም ድንገት ሲጠፋም እንዲሁ ለጤና ባለሙያ መንገር ይገባል። የምላስ ማቃጠል ብቻውን ግን ኮቪድ-19 መያዝን አያመለክትም።

ለተራው የአፍ ቁስል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በቀን ጥቂት ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት ይረዳል። ቁስሉ እስኪጠግግ በርበሬ የበዛበት ወጥና የሚፋጅ ቡና ቢቀር ይሻላል። ጫት ጊዜውን የሚያሳጥር ይመስላል እንጂ አፍን ያደርቃል፣ እንቅልፍም ይነሣል። መፋቂያ ለየራስ ነው፤ ወንድም ለወንድሙ እንኳ አያውስም። ቤተሰብም በየዕለቱ ስልክ ቢደውል፣ ስለ ምርመራው ውጤት ብቻ ሳይሆን ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ቢያወራ፣ ከቤቱ ተለይቶ የሚቆይ ሰው ልቡ ያርፋል።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ፣ የጠጠረ ወይም የሚደማ ቁስል፣ እንዲሁም በምላስ ላይ የሚታይ የማይለቅ ነጭ ሽፋን፣ ባያምም እንኳ በጭንቀት ተመካኝቶ ሊታለፍ አይገባም፤ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ይታይ።