ነገረ መለኮትን በዩኒቨርሲቲ ስለ መማር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



  እንደሚታወቀው የመጨረሻ ክፍል ተማሪ በበዓል ቀን ሲናገር ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወጣቶች ግዴታ ይናገራል። እኛም ከዚህ ልማድ ለመራቅ አላሰብንም። ነገር ግን በክፍላችን ባደረግነው ክርክር ላይ ሳይቋጭ የቀረ አንድ ጥያቄ ስላለን፣ እርሱን በእናንተ ፊት ልናቀርበው ወደድን። ጥያቄውም፦ በዚህ ዘመን አንድ ወጣት ነገረ መለኮትን፣ በውጭው አጠራር ቴዎሎጂ የሚባለውን፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ቢማር ዕድሜውን አባከነ ወይስ ተጠቀመበት? የሚል ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። መምህራችን ወደፊት ልንማር የምንፈልገውን እንድንጽፍ ወረቀት ሰጡን። ብዙዎቻችን ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ የኮምፒዩተር ትምህርትና ሒሳብ አያያዝ ብለን ጻፍን። አራት ልጆች ግን «ነገረ መለኮት» ብለው ጽፈው ተገኙ። ወረቀቱ ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ «አባ ይፍቱኝ» ብሎ ጎንበስ አለ፤ ሌላው «ደመወዙ ከሙዳየ ምጽዋት ነው ወይ?» ሲል ጠየቀ። እኛም ከሳቁት መካከል እንደ ነበርን ሳንደብቅ እንናገራለን። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ «የሳቃችሁበትን ነገር ታውቁታላችሁን?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ከዚያ በኋላ ዝም አልን።

ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በየማለዳው ጸሎት አድርሰን፣ መዝሙር ዘምረን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሰምተን ስላደግን ስለ ሃይማኖት በቂ ዕውቀት ያለን ይመስለን ነበር። ክርክሩ ሲጀመር ግን በቃላችን የያዝነውን ከመድገም በቀር ለአንድ «ለምን?» እንኳ መልስ መስጠት አቃተን። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ በቆየበት አገር ተወልደን ይህን ያህል ባዶ መሆናችን፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት አስታወሰን።

አንድ ቅዳሜ ወደ የካ ተራራ ወጥተን ዋሻ ሚካኤልን ጎበኘን። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እየዞርን ስናይ ዕድሜው ስንት ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። በአካባቢው የሚነገረው ትውፊት በአብርሃና አጽብሐ ዘመን፣ ማለት በ4ኛው መቶ ዓመት እንደ ታነጸ ነው። ታሪክ አጥኚዎች ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ በመካከለኛው ዘመን እንደ ተሠራ ያስባሉ። ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋል» ሲል፣ ሌላው «መጻሕፍቱ ናቸው የተሳሳቱት» አለ። ሦስተኛው ግን፣ እርሱም ከአራቱ አንዱ ነበር፣ «ሕዝቡ ይህን ቤት ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያን ነገሥታት ጋር ለማገናኘት ለምን እንደ ወደደ መጠየቅም ትምህርት ነው» አለን። በዚያን ቀን ነገረ መለኮት ማለት የታወቀውን መድገም ብቻ እንዳልሆነ ትንሽ ገባን።

ለመሆኑ ይህ ትምህርት ምን ምን ይዟል? ተማሪው ብሉይና ሐዲስ ኪዳንን ያጠናል፤ መጻሕፍቱ የተጻፉባቸውን ዕብራይስጥንና ግሪክን፣ በአገራችንም ግእዝን ይማራል። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ፣ የጉባኤዎችን ውሳኔ፣ የአባቶችን ድርሳን፣ ሥነ ምግባርን፣ ስብከትን፣ የታመመንና ያዘነን ሰው ስለ ማጽናናት፣ እንዲሁም የሌሎችን ሃይማኖቶች ትምህርት ይማራል። በመጨረሻም እንደ ማናቸውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምርምር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ያቀርባል። የክፍላችን ጓደኛ የሆነ አንድ እስላም ተማሪ በክርክሩ ጊዜ «እናንተ ስለ እኔ እምነት ሳትማሩ እንዴት ጎረቤቶቼ ትሆናላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ከሁላችንም ጥያቄ የእርሱ የበለጠ እንደ ነበረ እንመሰክራለን።

ይህ ሁሉ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ እየለመነ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጽሐፍ ቤት ሲያልፍ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። በመጽሐፍ ቤት መምህሩ አንዱን ቃል ከተረጐሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ደግሞም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ፍች ያመጣሉ። ፊተኛው በኋለኛው አይሻርም፤ ተማሪው ሁሉንም ይዞ ያመዛዝናል። ዩኒቨርሲቲ የሚመካበት መመርመርና ማመዛዘን ከአባቶቻችን ጉባኤ እንዳልታጣ ከዚህ እናያለን። ዩኒቨርሲቲው የሚጨምረው፣ ምንጩን ጠቅሶ መጻፍን፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈውን ማስተያየትን፣ ከሌላው ዕውቀት ጋር በአንድ ግቢ መነጋገርን ነው።

በውጭው ዓለም በ13ኛው መቶ ዓመት የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሲደራጅ ነገረ መለኮት ከሕግና ከሕክምና ጋር ከክፍሎቹ አንዱ ነበር። ዛሬም ኦክስፎርድን በመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። በአገራችንም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ በአራት ኪሎ የሚገኘው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከክፍሎቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ፊዚክስ የሚማረውና የአባቶችን ድርሳን የሚማረው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ። በደርግ ዘመን ኮሌጁ ተዘጋ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በአቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና እንደ ገና ተከፈተ፤ ዛሬም ቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ያስተምራል። ከዚህም ሌላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የተቋቋመው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ፣ የቅዱስ ጳውሎስ መንፈሳዊ ኮሌጅና የካቶሊክ ካፑቺን ወንድሞች ተቋም በዚሁ በአዲስ አበባ ይገኛሉ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ትምህርቱ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። እኛ ይህን አንነቅፍም፤ ብዙ እምነት ያለው ሕዝብ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖር አንዱ በሌላው ላይ እንዳይሠለጥን የሚጠቅም ነው። ነገር ግን የሚያስከትለውን ዋጋ መሸሸግ አይገባንም። ነገረ መለኮትን የሚመርጥ ልጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያገኘውን ቦታ መተው አለበት። ያ ቦታ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የመልቀቂያ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ወላጅ «ስንቱ የተመኘውን በር እግዚአብሔር ከከፈተልህ በኋላ አንተ ትዘጋዋለህን?» ቢል ፍርድ የለሽ ነው ልንለው አይቻለንም።

ክቡራንና ክቡራት!

አሁን የምንነግራችሁ ከአራቱ ልጆች የአንዱን ታሪክ ነው። ስሙን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን እርሱም እናቱም ፈቅደውልናል።

እናቱ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው እያወረዱ በመሸጥ አሳድገውታል። እርሱ ከመወለዱ በፊት የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው እንዳለ ተነገራቸው። በዚያን ጊዜ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ባለችበት ተራራ ላይ፣ ከየአገሩ በዚሁ ደዌ የተያዙ ብዙ ሰዎች ጠበል ፍለጋ መጥተው በጎጆ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኚህ እናት መድኃኒቱን ጀምረው ሳለ፣ በአንድ ጠበል ቦታ ያገኟቸው ሰው «ጠበል እየጠጡ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» አሏቸው። እናቲቱም ፈሩ፤ ክኒኑን አቆሙ። ሰውነታቸውም ከዕለት ወደ ዕለት እየደከመ ሄደ፤ በዚያው ወራት ልጁን ፀንሰው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድም እምነትን እንደማይሽር በይፋ ተናገሩ። እናቲቱ ይህን ከነፍስ አባታቸው ሰሙ። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሱ። ልጁ ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ ተወለደ፤ ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።

አቡነ ጳውሎስ በሥላሴ ኮሌጅ፣ በኋላም በአሜሪካ በቅዱስ ቭላዲሚር ሴሚናሪና በፕሪንስተን ነገረ መለኮትን የተማሩ፣ በደርግ ዘመንም ለዓመታት የታሰሩ ሰው ነበሩ። ያን ቃል ያናገራቸው ዲግሪያቸው ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ያ ጥያቄ የሐኪም ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንደሚሠራ ሊናገር ይችላል፤ መድኃኒቱን መዋጥ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ግን ከእምነቱ ውስጥ ሆኖ፣ እምነቱን አውቆ የሚመልስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ባልተማረ ቃል የታሰረችን ነፍስ የተማረ ቃል ፈታት።

ልጁ ነገረ መለኮት ልማር ያለው ስለዚህ ነው። እናቱ ግን ሐኪም እንዲሆን ይፈልጋሉ። አንድ ማታ ሁለቱ የተነጋገሩትን እንዲህ ሲል ነገረን።

«ልጄ፣ እኔን ያቆመኝ መድኃኒቱ ነው። አንተም መድኃኒት የምትሰጥ ሁንልኝ።»

«እማዬ፣ መድኃኒቱማ ቀድሞም ነበረ። እንድትወስጂው ያደረገሽ ቃሉ አይደለም ወይ?»

«ቃሉስ ቢመጣ፣ መድኃኒቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይጠቅመኝ ነበር? ደግሞ ጀርባዬን እየው። ስንት ዓመት ልሸከም?»

በዚህ ጊዜ መልስ አጣሁ አለን። እኛም ክፍሉ በሙሉ ተሰብስበን መልስ አላገኘንለትም። በክርክር የሚረታ ነገር አልነበረምና። የእናት ጀርባ ማስረጃ ነው፤ የልጁም መወለድ ማስረጃ ነው። ምናልባት ይህም «አንድም» የሚባልበት ነገር ሳይሆን አይቀርም።

እስካሁን የተስማሙት በዚህ ነው፦ ልጁ የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተናውን በሙሉ ኃይሉ ይፈተናል፤ ውጤቱ ሲመጣ እናቱ፣ እርሱና የነፍስ አባታቸው አብረው ተቀምጠው ይወስናሉ። እናቱም አንድ ቃል ሰጥተውታል፤ «እስከዚያ ድረስ አልስቅብህም፤ አላለቅስብህምም» ብለውታል።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ! ልጆቻችሁን ሁሉ ወደ ነገረ መለኮት ስደዱ ብለን አንለምናችሁም። አገራችን ሐኪምም መሐንዲስም ገበሬም ያስፈልጋታል። የምንለምናችሁ፣ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ሲመርጥ ከሳቅና ከቁጣ በፊት «ለምን?» ብላችሁ እንድትጠይቁትና መልሱን እስከ መጨረሻው እንድትሰሙት ነው። ክብርት እናታችን ጀርባቸው እየታመመ ይህን ካደረጉ፣ ለሌላው አይከብድም ብለን እናምናለን።

ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ይህን ትምህርት የምትመርጡ ደግሞ የፈተና ውጤት ስላነሣችሁ መጠጊያ አድርጋችሁ አትምረጡት። ስንፍና የያዘው ሐኪም አካልን እንደሚጎዳ፣ ስንፍና የያዘውም ሰባኪ ነፍስንም አካልንም እንደሚጎዳ ከዚህ ታሪክ አይታችኋልና። ግእዙንም ግሪኩንም አጥኑ፤ «አላውቅም» ማለትንም ተማሩ።

ለሳቅንባቸው ለአራቱ ጓደኞቻችን በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ትምህርት ቤታችንም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይፈሩ የሚጠይቁ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ያፍራ።