ስለ ሒሳብና ስለ ካርታ

በመሥሪያ ቤትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኢትዮጵያን ካርታ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ይመልከቱት። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ቢከተሉ፣ ከሱዳን ወሰን ሳይደርሱ ኮኪትን ያገኛሉ። በዚያ ቆላ በኩል የምታልፈው ቀጭን የወሰን መስመር የሠዓሊ እጅ ያሰመራት ትመስላለች፤ ነገር ግን የሒሳብ ልጅ ናት።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ወሰኑን ከኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ዓባይና ወደ ባሮ እያለ በቦታና በወንዝ ስም ይመራዋል። በደቡብ ጫፍ ግን ስሙን ትቶ ቁጥር ይይዛል፤ መድረሻው 6ኛው የሰሜን ኬክሮስ ከ35ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ የሚገናኝበት ነጥብ ነው። ወንዙን እረኛም ያውቀዋል፤ ይህን ነጥብ ግን ያለ መሣሪያና ያለ ስሌት ማንም አያገኘውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ሻለቃ ግዊን መስመሩን በምድር ላይ ሲያመለክት፣ ኢትዮጵያዊ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ እስከ ዛሬ በሚያከራክረው በዚህ ጉዳይ የጎደለን ፊርማ ሳይሆን የቀያሽ ዐይን ነው።

ሒሳቡ ስለምን አስቸጋሪ ሆነ ቢሉ፣ አንድ ወረቀት በእንስራ ሆድ ላይ ለመለጠፍ ይሞክሩ፤ ወይ ይጨማደዳል፣ ወይ ይቀደዳል። ጀርመናዊው ሊቅ ጋውስ በ1827 እንዳስረዳው፣ የድቡልቡል ነገር ገጽ ርቀቱ ሳይዛባ በጠፍጣፋ ላይ ሊዘረጋ አይችልም። ስለዚህ ቀያሾች ምድርን 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 60 ክፍሎች ከፍለው፣ ስሕተቱን በየክፍሉ ያሳንሱታል። ኮኪት የ37ኛው ክፍል ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ ስለሆነች፣ በምድር 1 ኪሎ ሜትር የሆነው ርቀት በካርታው ስሌት ከግማሽ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የመነሻው ነገር ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የአገራችን ምድር ሲለካ፣ ልኩ የተያያዘው አዲንዳን ከሚባለው ነጥብ ጋር ነበር። የዛሬው የእጅ ስልክ ደግሞ ከምድር ማእከል ይነሣል። አንዱን ቦታ በሁለቱ ቢለኩት ልዩነቱ ከ100 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ ከቆላው የመጣ የእርሻ ፋይል በስልክ የተለካ ቁጥር ይዞ በአሮጌው ካርታ ላይ ቢሰፍር፣ ማሳው ወሰን አጠገብ ከሆነ፣ ገበሬው ከቤቱ ሳይነቃነቅ አገር ሊለውጥ ነው። ማኅተምዎን ከማሳረፍዎ በፊት የካርታውን ኅዳግ ያንብቡ፤ የመነሻው ስም እዚያ ታትሟል።