ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ፦ የሰርፍ ሰሌዳ ፊን በመዞርና በፍጥነት ላይ



 በዚህ ዲስኩር ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈው ርእስ «ተንቀሳቃሽ ፊኖች በመዞርና በፍጥነት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ» ይላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ፊኑ፣ ማለትም ከሰሌዳው ጭራ ሥር የሚተከለው ክንፍ መሰል ቁራጭ፣ ከመንቀሳቀሱ በፊት እንዴት እንደተተከለ ይቅደም። የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውም ከወዲሁ ይታወቅ።

የጥንቶቹ የሃዋይ ሰዎች ማዕበል ይጋልቡባቸው የነበሩት የእንጨት ሰሌዳዎች ሥራቸው ልሙጥ ነበር። መዞር የፈለገ ሰው አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይጎትታል፤ ሰሌዳው በዚያ በኩል ይዘገይና ይዞራል። ማዕበሉ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ሲቆም ግን ጭራው ይንሸራተትና ጋላቢው ከነሰሌዳው ይገለበጣል። በ1935 ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ዋይኪኪ ላይ ከተጣለ ፈጣን የሞተር ጀልባ ሥር ስስ ብረት ነቅሎ በሰሌዳው ጭራ ላይ ገጠመው። ብረቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል፣ ወደ ውሃው የሚገባው ደግሞ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጭራው መንሸራተቱን ተወ። ይሁንና ፊን የሰርፈሩ፣ የማዕበል ጋላቢው፣ ሁሉ ዕቃ እስኪሆን ድረስ ዓመታት ፈጅቷል።

ፊን እንደ መርከብ መሪ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አሠራሩ ግን ይበልጥ የሚቀርበው ለአውሮፕላን ክንፍ ነው። ሰርፈሩ ሰሌዳውን ሲያጋድል ውሃው ፊኑን በትንሽ ማዕዘን ያገኘዋል፤ በአንዱ ገጽ ግፊቱ ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ፊኑን ወደ ጎን ይገፋዋል። ጭራውን ይዞ ሰሌዳውን የሚያዞረው ይህ የጎን ኃይል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። የውሃ እፍጋት ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥም የመዳፍ ስፋት ያላት ፕላስቲክ አንድ ጎልማሳ በሙሉ ክብደቱ ሲያጋድል ትችለዋለች። ማዕዘኑ ከልክ ሲያልፍ፣ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ውሃው ከፊኑ ገጽ ይላቀቃል፤ ኃይሉ ይወድቅና ጭራው ያመልጣል። ደግሞም የጎን ኃይል በተፈጠረ ቁጥር ወደ ኋላ የሚጎትት ኃይል አብሮት ይወለዳል። መዞርም ፍጥነትም ወጪያቸው ከአንድ ኪስ ነው።

አሁን የዚህ ዲስኩር አቅራቢ ለብዙ ዘመን ሲከታተለው ወደኖረው ጉዳይ፤ ፊኑ ወደሚታሰርበት ሳጥን።

በረጅም ሰሌዳ ሥር፣ በመሀል መስመሩ ላይ፣ 25 ሳንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ የፕላስቲክ ሳጥን ይቀበራል። በውስጡ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ፣ ቀጭን ቦይ ተፈልፍሏል። የፊኑ እግር ከኋላ በኩል አግድም ሽቦ አለው፤ ሽቦው ቦዩ ውስጥ ይገባል። ከፊት ያለው ክፍል ደግሞ በአንድ ብሎንና በአንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ብረት ይታሰራል። ብሎኑ ሲላላ ፊኑ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ሲጠብቅ ባለበት ይቆማል። ነገሩ ይኸው ነው። ሆኖም ይህቺ ሁለት ጣት የማትሞላ ጉዞ የሰሌዳውን ጠባይ ትለውጣለች።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ሰርፈሩ ሲዞር የኋላ እግሩን ረግጦ ነው። ፊኑ ከዚያ እግር ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ጭራውን ወደ ጎን ማወዛወዝ ይከብዳል፤ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፣ በፍጥነት ላይም አይደነብርም። ወደ ፊት ሲመጣ ጭራው ይለቃል፤ ሰሌዳው በትንሽ ቦታ ይዞራል፣ በትልቅ ማዕበል ላይ ግን እምነት አይጣልበትም። የአንድ ሳንቲሜትር ለውጥ እንኳ ልምድ ላለው እግር ይሰማዋል።

ፍጥነቱስ? ፊኑን ማንሸራተት ስፋቱን አይለውጥም፤ ቀጥታ ሲኬድ የውሃው ጉተታ ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው በመዞር በኩል ነው። ፍጥነትን የሚሰጠው ማዕበሉ ነው፤ ያውም ቁልቁለቱ በበረታበት ስፍራ። እምቢተኛ ፊን ሰርፈሩን ከዚያ ስፍራ ያስቀረዋል፤ የላላ ፊን ደግሞ በየመታጠፊያው እያንሸራተተ ያገኘውን ያስጥለዋል።

በነገራችን ላይ የዚህ ሁሉ ስልት ደካማ ጎን ሌላ ሳይሆን ያቺ ብሎኑ የሚታሰርባት ትንሽ አራት ማዕዘን ብረት ናት። አሸዋ ላይ ከወደቀች ወዲያ ፈላጊዋ ብዙ፣ አግኚዋ ጥቂት ነው። መለዋወጫ በመኪናው ውስጥ የማያስቀምጥ ሰርፈር የጥሩ ማዕበል ቀን ከባሕሩ ዳር ቆሞ ያሳልፋል።

ያለ ብሎን የሚንቀሳቀስ ፊንም አለ። ካሊፎርኒያዊው ጆርጅ ግሪኖው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ማዕበል የሚጋልብ ሰው፣ በ1960ዎቹ የቱና ዓሣን ጭራ አይቶ ሥሩ ጠንካራ፣ ጫፉ ቀጭንና ተጣጣፊ የሆነ ፊን ሠራ። በመታጠፊያው ላይ ጫፉ ይለመጣል፤ ሰርፈሩ ሲቃና ይመለሳል፣ ጭራውንም ገፋ ያደርገዋል። አውስትራሊያዊው ናት ያንግ በ1966 ሳንዲየጎ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግሪኖው ባመጣው ዓይነት ፊን፣ ማጂክ ሳም በተባለ ሰሌዳው ነበር። በዚያ ዘመን ብዙዎች ከሰሌዳው አፍንጫ ላይ መቆምን ሲያስቀድሙ እሱ መዞርን አስቀደመ።

ከዚህ ወጣ ያለ አንድ ጨዋታ ይፈቀድ። ቤን ሌክሰን የተባለ አውስትራሊያዊ የጀልባ ነዳፊ «አውስትራሊያ ሁለት» ለተባለችው የውድድር ባለሸራ ጀልባ ከሆዷ ሥር ባለክንፍ ኪል፣ ማለትም ሚዛን ጠባቂ ክፍል፣ ሠራላት። ማንም እንዳያየው ከውሃ ስትወጣ በመጋረጃ ይሸፈን ነበር። በ1983 አሜሪካኖች ለ132 ዓመታት ከእጃቸው ያላወጡትን የአሜሪካስ ካፕ ዋንጫ ወሰደች። ይኸው ሌክሰን ከሰርፈሩ ከቼይን ሆራን ጋር ሆኖ ሐሳቡን ወደ ሰርፍ ሰሌዳ አመጣው፤ ጫፉ ላይ ክንፍ ያለው ፊን ሠሩ። ሆራን በዓለም ሻምፒዮና አራት ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። ለጀልባ ዋንጫ ያመጣው ሐሳብ ግን በሰርፍ ሰሌዳ ላይ ሰፊ ተከታይ አላገኘም።

ሰዓቱ እየገፋ ነው፤ የቀረው የፊን ታሪክ በአጭሩ። ሰርፈሩ ማርክ ሪቻርድስ በሁለት ፊን ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሌላው ሰርፈር ሳይመን አንደርሰን በ1980 ሦስተኛ ፊን ከኋላ ጨምሮ በቀጣዩ ዓመት ቤልስ ቢች ላይ በተደረገው ውድድር አሸነፈ፤ ፈጠራውንም በባለቤትነት አላስመዘገበውም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ እየተነቀለ የሚተካ ፊን ተስፋፋ።

ወደ ርእሱ ስንመለስ፣ በግልቢያው መካከል የሚዞር ፊን ምን ያደርጋል? የጎን ፊኖች አፍንጫቸው ወደ መሀል ዘንበል ብሎ ይተከላል፤ ይህ መዞርን ያፋጥናል፣ ቀጥታ ሲኬድ ግን ጉተታ ይፈጥራል። ፊኑ በዘንግ ላይ ቢተከል፣ ዘንጉም የውሃው ኃይል ከሚያርፍበት ነጥብ ቀድሞ ቢውል፣ ፊኑ ራሱን ከውሃው አቅጣጫ ጋር ያስተካክልና ጉተታው ይቀንሳል። ፈጽሞ ነጻ ከሆነ ግን የጎን ኃይሉም ይጠፋል። ስለዚህ ጥቂት ዲግሪ ዞሮ የሚያስቆመው ገደብ ወይም ሞላ ያስፈልገዋል። እሱም ሲጨመር ሰርፈሩ በረገጠበትና ሰሌዳው በመለሰበት ቅጽበት መካከል መዘግየት ይገባል፤ ጨውና አሸዋም ዘንጉን ይይዙታል። የውድድር ሰሌዳዎች ፊናቸው እስካሁን ድርቅ ብሎ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህን ፊኖች ሁሉ ለማነጻጸር ትልቁ እንቅፋት ሁለት ማዕበል አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነበር። በ2015 መጨረሻ ሰርፈሩ ኬሊ ስሌተር ከባሕር ርቃ በምትገኘው ሊሞር፣ ካሊፎርኒያ፣ ተመሳሳይ ማዕበል ደጋግሞ የሚያስነሣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይፋ አድርጓል። እዚያ አንድ ሰርፈር በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ቀን፣ ፊኑን ብቻ እየለዋወጠ ሊፈተን ይችላል። በዘንግ የሚዞረው ፊን ከተተከለው ይፈጥናል ወይስ አይፈጥንም የሚለው ሙግትም የሚዳኘው እንዲህ ባለ ሙከራ ነው። የቀሩት ደቂቃዎች ለጥያቄዎቻችሁ ናቸው።