እውነቱም ሐሰቱም ሲጮኽ

የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ ተበላሸ ሲባል ብዙ ሰው ዝም ያለ መሣሪያ ይታየዋል። ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ያለቦታው የሚጮኸው ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 1996 ሌሊት ከሊማ ወደ ሳንቲያጎ የተነሳው የኤሮፔሩ ቦይንግ 757፣ ለጽዳት ሲባል የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሳለት ነበር የበረረው። ከፍታውም ፍጥነቱም የሚሰላው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ አንዱ ማስጠንቀቂያ «ፍጥነት በዝቷል» እያለ ሲጮኽ፣ መሪው ደግሞ ፍጥነት አንሶ አውሮፕላኑ ሊወድቅ እንደሆነ ለመናገር ይንቀጠቀጥ ነበር። ለአንዱ መፍትሔው የሞተር ኃይል መቀነስ፣ ለሌላው መጨመር!

ታዲያ ምድር ያለውን ተቆጣጣሪ ለምን አልጠየቁም? ጠይቀዋል፤ 9,700 ጫማ ላይ ናችሁ አላቸው። ቁጥሩ ግን ወደ ራዳሩ የሚላከው ከዚያው ከተሳሳተው መሣሪያ ነው። አውሮፕላኑ ባሕሩን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። «የተበላሸውን ንቆ መብረር ነው» የሚልም አይጠፋም። የትኛውን ይናቅ? «መሬት ቀርቧል» የሚለው ጩኸት እውነት ነበር፤ በራዲዮ ሞገድ ከፍታን የሚለካው መሣሪያ ከቀዳዳዎቹ ጋር አይገናኝምና። የተሳፈሩት 70ም ሰዎች አልቀዋል።

ስለዚህ ለአብራሪው ከማስጠንቀቂያው ብዛት ይልቅ የእያንዳንዱን ምንጭ ማወቅ ይበጀዋል። የፍጥነት ንባብ ሲያጠራጥር የአፍንጫውን አቅጣጫና የሞተሩን ኃይል በታወቀ ልክ ይዞ መብረር የሚሠለጠነውም ለዚሁ ነው፤ ሁለቱም ከቀዳዳዎቹ አይመጡም። በጨለማ ባሕር ላይ ከፍታን ለማወቅ ግን ያ ብቻ አይበቃም፤ የራዲዮውን መለኪያ ማመን ያስፈልጋል።