ቅርጫት የሚመስለው ቤት

የዛሬው ቃላችን ሽመል ነው። ሽመል ማለት የቆላው ቀርከሃ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሽመል ግን ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ በአሶሳ ዙሪያ የበርታ ብሔረሰብ ባህላዊ ክብ ቤት የሚሠራው ከዚሁ ከሽመል ነው።

እስቲ ቅርጫት አስቡ። ሽንኩርት በላስቲክ ቋጥራችሁ ብታስቀምጡት ይበሰብሳል። በቅርጫት ሲሆን ግን ይተነፍሳል፣ አይደል? ተጠላልፎ የተሠራ የሽመል ግድግዳም እንደዚያው ነው። ነፋስ ያስገባል፤ የቆላውን ሙቀት ያስወጣል። ጣሪያውስ? ሾጣጣ የሣር ክዳን ነው፤ የክረምቱ ዶፍ ሳያድርበት ይወርዳል።

ሰው ቤቱን የሚሠራው ደጁ ባለው ነገር ነው። ትግራይ ብትሄዱ ደጁ ሁሉ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ህድሞ የሚባለው ባህላዊ ቤት በድንጋይ ይገነባል። አሶሳ በኩል ግን ጫካው ሽመል ነው። ቤቱ ብቻ መሰላችሁ? አጥሩም ሽመል፣ አልጋውም ሽመል!