የጭስ ማውጫ ቱቦዎችን ማገናኘት የመኪናን ኃይልና ድምፅ ያሻሽላልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አባቶቻችን ታሪክ እንድናገር ጠብቃችሁ እንደ ሆነ ይቅርታ እለምናለሁ። የመረጥሁት ነገር የመኪና ጭስ ማውጫ ነው። ርእሱ ሲነበብ ከኋላ የሳቁትን ሰምቻቸዋለሁ። ነገር ግን በዚህ ዓመት በቢቸና መንገድ ላይ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ነገሩ እንደሚነካው ያውቃል። ድምፅ ማፈኛቸው፣ ማርሚታ የምንለው ማለት ነው፣ የተቀደደ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ዝም ብሎ የሚቆምበት ጊዜ አለና።

ጥያቄው ይህ ነው። የስፖርት መኪና ወዳጆች ሁለት የጭስ ቱቦ ካለው መኪና ሥር ገብተው ሁለቱን ቱቦዎች በአንድ አጭር ቱቦ ያገናኟቸዋል። እንዲህ ሲደረግ መኪናው ኃይል ይጨምራል፣ ድምፁም ያምራል ይላሉ። እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ለእኛ ይጠቅመናልን?

ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራው ክፍል ውስጥ ጎኑ ተቆርጦ ሆዱ የሚታይ አንድ አሮጌ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነበረ። 4 ሲሊንደር በግራ፣ 4 ሲሊንደር በቀኝ ሆነው እንደ «ቪ» ፊደል ተንጋደው ይቆማሉ። በአገራችን ሰው ሁሉ «ቪ ኤይት» እያለ የሚጠራው ላንድ ክሩዘርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አቋቋም ነው። መምህራችን ሞተሩን በእጃችን እንድናዞረው ይፈቅድልን ነበር። እኔም እያዞርሁ ስቆጥር አንድ ነገር አስደነቀኝ፤ ይኸውም ግራና ቀኙ በየተራ አለመተኮሳቸው ነው። የዚያ ሞተር ተራ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ ነበረ። እንግዲህ የቀኙ ቱቦ ሁለት ጭስ አከታትሎ ሲጎርስ የግራው ባዶውን ይቆያል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የግራው ሁለት ይጎርሳል።

እምቢልታ ሲነፋ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ብቻ ይሰጣል፤ ዜማውም የሚገኘው ከተራቸው ነው። ነፊዎቹ ተራቸውን ቢያዛቡ ዜማው ይንገዳገዳል። አሜሪካኖች የሚወዱት የትልልቅ መኪኖቻቸው ጉርምርምታ የሚወጣው ከዚህ መንገዳገድ ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፤ ግን ጉርምርምታው የተራ መዛባት እንጂ የጉልበት ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ማገናኛው ቱቦ ልመለስ። የቀጥቃጭን ወናፍ አስቡ። ሁለቱ ስልቻዎች በየተራ ይጫናሉ፤ መውጫቸው ግን አንድ ስለ ሆነ እሳቱ ነፋስ አይቋረጥበትም። ማገናኛ ቱቦም እንዲሁ ነው። በአንዱ ወገን የታጨቀው ጭስ ወደ ባዶው ወገን ይተነፍሳል። ከዚህም በላይ ጭስ በፍጥነት ባለፈ ጊዜ ከኋላው ስስ አየር ይተዋል፤ ይህም ስስ አየር የሚቀጥለውን ጭስ ከሲሊንደሩ ይስባል። ሲሊንደሩ አሮጌውን ጭስ በደንብ ካስወጣ አዲስ አየርና ቤንዚን የሚገባበት ቦታ ያገኛል። ኃይሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማገናኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መሰላል አንድ እርከን በሁለቱ ቱቦዎች መካከል የሚጋደም ነው፤ ቅርጹ «ኤች» የሚባለውን የእንግሊዝ ፊደል ይመስላል፤ ድምፁንም ወፍራም ያደርገዋል። ሁለተኛው ሁለቱን ቱቦዎች ወገብ ለወገብ አጣብቆ እንደ ገና የሚለያይ ነው፤ እርሱም «ኤክስ» ይመስላል፤ ድምፁ ቀጭንና ለስላሳ ይሆናል። ቦታውን ለማግኘት የድሮ መካኒኮች ቱቦዎቹን ቀለም ቀብተው ሞተሩን አሠርተው ቀለሙ እስከ የት እንደ ተቃጠለ ያዩ ነበር። ይህን ብልሃት በጣም ወደድሁት።

በዚህ ጥበብ ከሁሉ የራቀው ምናልባት ፎርድ ጂ ቲ 40 የተባለው የእሽቅድምድም መኪና ነው። ከሞተሩ በላይ 8ቱ ቱቦዎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስለ ተጠላለፉ የእባብ ጥቅል ተባሉ፤ የጭሱም ተራ በዚያ ተስተካከለ። ፎርድ በፈረንሳይ አገር በለማን የ24 ሰዓት ውድድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1966 እስከ 1969 ለ4 ዓመታት በተከታታይ አሸነፈ። ያሸነፈው በቱቦው ብቻ ነው አልልም።

ታዲያ ጭማሪው ስንት ነው? ብዙውን ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ሞተር 5 ወይም 10 የፈረስ ጉልበት ቢያተርፍ ባለቤቱ ይደሰታል፤ ያውም በሁሉም ፍጥነት ሳይሆን በአንዳንዱ የሞተር ዙር ነው። ድምፁ ግን በርግጥ ይለወጣል። ጆሮ ለውጡን ወዲያው ስለሚሰማ ልብ ደግሞ ኃይል የተጨመረ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ አንድ ነገር ልበል። ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ኃይል ወደ ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ይመለስለታል፤ ወደ ደጀን ሲወጣ እንደ ገና ይቀነስበታል። ሩብ ያጣን ሞተር ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ የምትሰጥ ቱቦ አትክሰውም።

ይሁንና ቱቦ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢነሣ እከራከረዋለሁ። ዋልተር ካደን የተባለው የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ኤም ዜድ ለተባለው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ሲሠራ፣ የቱቦውን ሆድ አስፍቶ ጫፉን በማጥበብ፣ ከሲሊንደሩ ያመለጠውን አዲስ አየርና ቤንዚን የድምፅ ሞገድ ገፍቶ እንዲመልሰው አደረገ። በ1961 ባለ 125 ሲሲው ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኧርንስት ዴግነር ወደ ምዕራብ ኮበለለና ዕውቀቱን ለጃፓኑ ሱዙኪ ይዞ ሄደ፤ በማግሥቱ ዓመትም በባለ 50 ሲሲው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሁሉ የተገኘው ግን ቱቦው በሂሳብ ተለክቶ ስለ ተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ቱቦ በመጋዝ የቀደደ ሰው ኃይሉን አፈሰሰው ማለት ነው።

ወንድሜን ያታለለው ይህ ግማሽ እውነት ነው። ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁም በብድር የተገዛ የቤታችን እንጀራ ነው። ዛሬ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማኛል፤ ይህን እንድናገርም ፈቅዶልኛል። በሌላ ከተማ ያለ አንድ በያጅ «ማርሚታውን ብከፍተው ዳገት ላይ አንበሳ ይሆናል፤ የውጭ አገር መኪኖችም እንዲሁ ነው የሚደረጉት» አለው። ለእኔ ጫማና ደብተር የታሰበው ገንዘብ ለዚያ ተከፈለ። ባጃጅ ግን አንድ ሲሊንደር ነው ያለው። ከምን ጋር ይገናኛል?

ድምፁ በእውነት የአንበሳ ሆነ። እኔ አላመንሁም። ስለዚህ በአንድ እሑድ ሦስት ጓደኞቼን አሳፍረን፣ ያንኑ ዳገት በአሮጌው ማርሚታም በተቀደደውም ደጋግመን በሰዓት ለካን። በሁለቱ ማርሚታዎች መካከል ያገኘነው ልዩነት፣ በአንዱ ማርሚታ ብቻ ስንደጋግም ካገኘነው መለያየት አልበለጠም። ወንድሜ ውጤቱን አይቶ «ሰዓትህ ነው የተበላሸው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ቢል የማይሰማ ሆነ። ሰዎች ትከሻውን እየመቱ ይወርዱ ጀመር። አንድ ቀን ትንሿን እኅታችንን ከክሊኒክ ሲያመጣ ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ደጋግሞ ጡሩምባ ነፋ። ወንድሜ ግን አልሰማም። የጭነት መኪናው ሊያልፈው በጎኑ ብቅ ባለ ጊዜ ደንግጦ መሪውን አዞረና ባጃጁ ወደ ቦዩ ገባ። እኅቴ እግሯ ተሰብሮ 6 ሳምንት በጀሶ ቆየች። ባጃጁ እስኪጠገን ድረስ እናቴ ጠላ እየሸጠች አበላችን። የጭነት መኪናው ሹፌር አውርዶ ያዛት፣ ውሃም ሰጣት፤ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለንም።

ወንድሜ አሮጌውን ማርሚታ መልሶ አስገጥሟል። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የተቀደደው ነው። በአጠገቡም እኔ የሠራኋቸው በአጭር ሸምበቆ የተገናኙ ሁለት ሸምበቆዎች አሉ፤ በአንዱ ስትነፉ ትንፋሹ ከሁለቱም ይወጣል። መሞከር የምትፈልጉ ከንግግሩ በኋላ ኑ። ማርሚታውን የምትነኩ ግን የተቆረጠው ጠርዝ ስለታም ስለ ሆነ እጃችሁን ጠብቁ።